ደርባን በብርዱ ወራት፦ ስለ ባሕር ዳርቻው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጁን፣ በጁላይ ወይም በኦገስት ወደ ደርባንና በዙሪያዋ ወዳለው የደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ-ናታል ባሕር ዳርቻ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ መልስ አግኝተዋል። ወራቱና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲቆጠር ከግንቦት ማብቂያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ መሆኑ ነው።

በብርድ ወቅት ባሕር ዳር ምን ያደርጋል? አይበርድም ወይ?

ቀን ላይ አይበርድም። በእነዚህ ወራት የደርባን የቀን ሙቀት ብዙውን ጊዜ 22 ወይም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊት ወደ 11 እና 12 ይወርዳል። ከተማዋን የሚያሞቃት አጉልሃስ የሚባለው የባሕር ጅረት ነው። ከሐሩሩ ወገን ሙቅ ውኃ እየነዳ፣ ዳርቻውን ታክኮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ጆሃንስበርግን ጠዋት ጠዋት አመዳይ ሲመታት ደርባን ላይ ሰው በካናቴራ ይሄዳል።

ዝናቡም እምብዛም ነው። የደርባን ዝናብ የሚወርደው በሙቁ ወራት ነው፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ የሄደ ሰው ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተዳምሮ ልብሱ ከገላው ላይ ይጣበቅበታል። በጁላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ቀለል ያለ ነው። አዲስ አበባ ጃንጥላ ስትዘረጋ እዚያ ሰው ፀሐይ ይሞቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንድ ቀን ከተራራው ወደ ባሕሩ ቁልቁል የሚነፍስ ደረቅና ሞቃት ነፋስ ይመጣል፤ የአገሩ ሰው በርግ ዊንድ ይለዋል። በዚያን ዕለት ሙቀቱ 30 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ ሹራባችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። ብዙ ጊዜ ከበርግ ዊንድ በኋላ ከደቡብ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባና በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየሩ ይገለበጣል።

ምን ልብስ ልያዝ?

ለቀኑ ስስ ልብስ፣ ለጠዋትና ለማታ ሹራብ። ጀልባ ላይ የምትወጡ ከሆነ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት የግድ ነው። ብዙ ቤቶች ማሞቂያ ስለሌላቸው ለሌሊቱ ካልሲና ወፈር ያለ ፒጃማ ያስፈልጋል። የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምን እንደሆነ ዓሣ ነባሪዎቹ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

መዋኘት ይቻላል? ሻርኩስ?

ይቻላል። የውኃው ሙቀት በብርዱ ወራት 20 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ ሲገቡበት ትንሽ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል። ዋና ዋናዎቹ የመዋኛ ዳርቻዎች በክዋዙሉ-ናታል ሻርክ ቦርድ መረብ ይጠበቃሉ። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1964 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሻርክ በዋናተኞች ላይ ደጋግሞ ጉዳት አድርሶ ነበርና። መረቡ ግን ያለ ዋጋ አይደለም፦ ኤሊና ዶልፊንም ይይዛል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ክርክር አለበት።

ሦስት ነገሮችን አትዘንጉ። አንደኛ፣ ዋና የሚፈቀደው ዋናተኛ ጠባቂዎቹ በተከሏቸው ባንዲራዎች መካከል ብቻ ነው። የብርዱ ወራት ማዕበል ከሙቁ ወራት ይበረታል፤ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ውኃ በዓይን አይታይም። ሁለተኛ፣ ሰርዲን የሚባለው ዓሣ በብዛት ሲመጣ ሻርክ ቦርዱ መረቦቹን ያነሳል፣ ዋናም ይከለከላል። ይህ ሆቴላችሁ ፊት ለፊት ካለው ባሕር ላይ ሊደርስ ስለሚችል አትናደዱ፣ ሰርዲኑን ሻርክ ስለሚከተለው ነው። ሦስተኛ፣ በኤፕሪል 2022 ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ የከተማዋን የፍሳሽ መስመሮች ክፉኛ ጎድቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በውኃ ብክለት ምክንያት የተዘጉ ዳርቻዎች ነበሩ። ከመግባታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ጠባቂዎቹን ጠይቁ፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዋና ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ማርች ወይም ኤፕሪል ይሻላችኋል። የብርዱ ወራት ትልቁ ሀብት ባሕሩ ውስጥ የሚያልፈው ፍጥረት ነው። ቆማችሁ ለማየት ጊዜ ከሰጣችሁት ሌላ ወቅት ላይ የማታገኙትን ታገኛላችሁ።

ሰርዲን ራን የሚባለው ምንድን ነው? በእርግጥ ይታያል?

ሰርዲን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ኑሮው በደቡብ፣ በኬፕ በኩል ነው። ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ በመሬቱና በሞቃታማው አጉልሃስ ጅረት መካከል ቀጭን የቀዝቃዛ ውኃ መንገድ ወደ ሰሜን ይከፈታል። ሰርዲኑ እልፍ አእላፍ ሆኖ በዚያ ጠባብ መንገድ ይጓዛል። አንዱ ወገን መሬት፣ ሌላው ወገን የማይስማማው ሙቅ ውኃ ስለሆነ መሸሻ የለውም። ይህን የሚያውቁ ሁሉ ይከተሉታል፦ ዶልፊኖች መንጋ ሆነው፣ ሻርኮች ከሥር፣ ጋኔት የሚባሉት ነጫጭ የባሕር ወፎች ደግሞ ከላይ።

ከዳርቻ ላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚታየው ወፉ ነው። ሩቅ ላይ ሰማዩ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ወፎቹ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጥፈው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ውኃው ይወረወራሉ። ሥራዬ ብለው ሲጠብቁ የከረሙ ዓሣ አጥማጆች ያኔ ይነሳሉ። ትንሽ ጀልባ የመረቡን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ባሕሩ ትገባና በሰፊው ዞራ ትመለሳለች፤ ሁለቱን ገመድ ደግሞ ወንዶቹ ተሰልፈው አሸዋው ላይ ይስባሉ። መረቡ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ሲደርስ ውኃው ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ብር የመሰለው ዓሣ ይገለጣል። የሰፈሩ ሰው ባልዲ፣ ፌስታል፣ አንዳንዱም የለበሰውን ካናቴራ ይዞ ይሮጣል። ከመረቡ ያመለጠውን ሁሉ በእጁ ይለቅማል። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሁሉም ይጮኻል።

ይታያል ወይ ለሚለው፣ ቃል መግባት አይቻልም። አንዳንድ ዓመት ሰርዲኑ ከዳርቻው ርቆ በጥልቁ ያልፋል፤ ውኃው በበቂ ካልቀዘቀዘም ላይመጣ ይችላል። ዕድላችሁን ለማስፋት ከደርባን በስተደቡብ ባሉት ከተሞች፣ በስኮትበርግ ወይም በማርጌት አካባቢ ተቀመጡ፤ ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ምረጡ። ወሬው በአካባቢው ሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ በደቂቃዎች ይዳረሳል። «እዚህ ደረሰ» ሲባል ቁርስ አትጨርሱ፣ ተነሱ።

ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ መከራየት አለብኝ?

የግድ አይደለም። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲካ ተነስተው ለመራባትና ለመውለድ ወደ ሞዛምቢክ ሙቅ ውኃ ይሄዳሉ። በጁንና በጁላይ በደርባን ፊት ለፊት ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ ከዚያ እስከ ኖቬምበር ድረስ ግልገሎቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ስለዚህ በብርዱ ወራት ማናቸውም ሳምንት ብትሄዱ ዓሣ ነባሪ የማየት ዕድላችሁ ከሰርዲኑ እጅግ የተሻለ ነው።

ከመሬት ለማየት ከፍ ያለ ቦታና ጸጥ ያለ ጠዋት ያስፈልጋል። ከደርባን ወደ ሰሜን አጠገቧ ያለችው የኡምህላንጋ መራመጃ፣ ብላፍ የሚባለው የደርባን ኮረብታና በሰሜን ያለው ኬፕ ቪዳል ጥሩ ናቸው፤ ኬፕ ቪዳል ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማማ አለ። መጀመሪያ የምትፈልጉት አካሉን አይደለም፣ ትንፋሹን ነው፦ ከውኃው በላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የሚበተን ነጭ ጉም። አንዴ ካያችሁት ዓይናችሁን እዚያው አካባቢ አቆዩ፤ ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ይጠልቅና ደቂቃዎች ቆይቶ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ባሕሩ በነጭ አረፋ ስለሚሸፈን መለየት ያስቸግራል።

ጀልባ ከመረጣችሁ ፈቃድ ያለውን ብቻ ያዙ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች እስከ 50 ሜትር መቅረብ ይችላሉ፤ የሌላቸው 300 ሜትር መራቅ አለባቸው። ማዕበሉ ሆድ ያገላብጣል፤ ማቅለሽለሽ የሚከላከለውን ክኒን ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ፣ ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ብዙም አይጠቅምም።

በነገራችን ላይ ብላፍ ላይ እስከ 1975 ድረስ ዓሣ ነባሪ እየታደነ የሚታረድበት ጣቢያ ነበር። ዛሬ ሰው እዚያው ኮረብታ ላይ ቆሞ ሲያልፉ ሊያያቸው መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከባሕሩ ውጭ አንድ ቦታ ብቻ ብሄድ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ሴንት ሉሲያን። ከደርባን በኤን 2 መንገድ ወደ ሰሜን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይነዳል። ትንሿ ከተማ የኢሲማንጋሊሶ ረግረግ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ፓርኩ በ1999 ከደቡብ አፍሪካ ቀድመው በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት በኩል በጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ስትዘዋወሩ ጉማሬና አዞ በብዛት ታያላችሁ። ጉማሬዎቹ ቀን ውኃ ውስጥ ተደጋግፈው ይተኛሉ፤ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣሉ፣ የከተማዋን አስፋልት ተሻግረው የሰው ግቢ ሣር እስከ መጋጥ ይደርሳሉ። ማታ ለእራት ስትወጡ በመኪና ሂዱ። በእግር የምትሄዱ ከሆነ መብራት ያለበትን መንገድ ያዙ፤ ካገኛችሁት አትጠጉት፣ ፎቶ ለማንሳትም ብላችሁ በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ በቅርብ ርቀት ላይ ነው። በ1895 የተከለለ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ደቡባዊው ነጭ አውራሪስ ከምድር ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው የተረፈው እዚህ ነው። በ1960ዎቹ ከዚህ እየተጫነ ወደ ሌሎች ፓርኮችና አገሮች ተሰራጨ። በብርዱ ወራት ሣሩ አጥሮ፣ ቅጠሉ ረግፎ፣ እንስሳው ውኃ ወዳለበት ስለሚሰበሰብ ለማየት ምቹ ነው። ለጠዋቱ ጉዞ ብርድ ልብስ አይበዛባችሁም።

ከተማዋ ውስጥስ ምን አለ?

ባሕሩን ይዞ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ከኡምጌኒ ወንዝ መግቢያ እስከ ወደቡ አፍ ይደርሳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ በጣውላ ሞገድ ላይ የሚንሸራተተው ሰርፈኛና አሸዋ ቀርጾ የሚኖረው ሁሉ እዚያ ነው። የብርዱ ወራት ሞገድ ለሰርፍ የሚመረጥ ስለሆነ ሰርፈኞቹን ማየት ብቻውን ጠዋትን ያስረሳል። መንገዱ ላይ በዶቃና በላባ ያጌጠ ትልቅ የራስ ጌጥ ደፍተው ጋሪ የሚጎትቱ የዙሉ ወንዶች ታገኛላችሁ፤ ዛሬ ጥቂት ናቸው የቀሩት። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

በ1849 የተመሠረተው የዕፀዋት ማዕከል በዚህ ወቅት ጸጥ ያለና ለእግር የሚመች ነው። እዚያ የቆመውን ኤንሴፋላርቶስ ውዲ የተባለ ተክል ሳታዩ አትውጡ። በ1895 በንጎዬ ደን ውስጥ የተገኘው አንድ ወንድ ተክል ብቻ ነው፤ ሴቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ከእሱ ተቆርጠው የተተከሉ ናቸው።

በቪክቶሪያ ስትሪት ገበያ የቅመሙ ሽታ ከሩቅ ይቀበላችኋል። በአጠገቡ ያለው የጁማ መስጊድም ግንባታው በ1880ዎቹ የተጀመረ ነው። ከከተማ ውጭ ባሉ ኮረብታዎች ላይ ደግሞ በጁንና በጁላይ እሬት ቀይና ብርቱካንማ አበባውን ያወጣል። ወፎቹ ማሩን ሲመጡት ቀኑን ሙሉ ይውላሉ።

የታሪክ ቦታዎችስ?

በደርባን አቅራቢያ ኢናንዳ ውስጥ ጋንዲ በ1904 የመሠረተው የፊኒክስ ሰፈር አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጆን ዱቤ ያቋቋመው ኦላንጌ ትምህርት ቤት ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1994 በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት እዚያ ነው።

አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ ወደ ውስጥ፣ በኤን 3 መንገድ ሂዱ። ፒተርማሪትዝበርግ ባቡር ጣቢያ ጋንዲ በጁን 1893 በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ከባቡር የተወረወረበት ነው፤ ሌሊቱን በመጠበቂያ ክፍሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አደረ። እናንተም በዚያው ወር ስትቆሙበት ብርዱ ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል፤ እዚያ የደርባን ሙቀት የለም። ትንሽ አልፎ ሃዊክ አጠገብ ማንዴላ ኦገስት 5 ቀን 1962 የተያዙበት ቦታ አለ። 50 የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በጎን ሲያዩዋቸው ዝም ብለው የተተከሉ ብረቶች ናቸው፣ ከአንድ ቦታ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ግን የማንዴላ ፊት ይሆናሉ።

ምን ይበላል? ጾመኛ ብሆንስ?

በኖቬምበር 1860 የመጀመሪያዎቹ ሕንዳውያን የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች በመርከብ ደርባን ደረሱ፤ የከተማዋ ምግብ ያኔ ተለወጠ። በስም የታወቀው በኒ ቻው ነው፦ የዳቦ ግማሽ ወይም ሩብ ውስጡ ተፍቆ ካሪ ይሞላበታል፣ የወጣው ልብ ከላይ ይከደንበታል። ሹካ የለም። መጀመሪያ ክዳኑን እየቆረሱ ያጠቅሳሉ፣ ከዚያ መረቁ የጠጣውን የዳቦ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች እየናዱ ይበላሉ። በእጅ መብላትና ማጥቀስ ለለመደ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ቃሪያው ግን ይፈጃል፤ «መካከለኛ» ብላችሁ ጀምሩ።

ጾመ ሐዋርያትም ፍልሰታም በእነዚህ ወራት ስለሚውሉ ጥያቄው የሚነሳው በምክንያት ነው። በየበኒ ቻው ቤቱ የቦሎቄ ካሪ ያለበት ዓይነት አይጠፋም፤ በቅቤ ወይስ በዘይት እንደተሠራ፣ ዳቦው ወተት እንዳለው ጠይቁ። ከሕንዳውያን ቤቶች ውስጥ ሥጋ ጨርሶ የማይሠራባቸው አሉና አትቸገሩም።

ከልጆች ጋር እሄዳለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኡሻካ ማሪን ወርልድ ውስጥ ያለው የዓሣ ማሳያ የተሰበረ መርከብ ቅርጽ አለው፤ ልጆች አይረሱትም። ከደርባን በስተሰሜን ባለችው ባሊቶ ላይ ቶምሰንስ ቤይ በድንጋይ የተከለለ የባሕር ገንዳ አለው፤ ባሕሩ ሲሸሽ በዓለቶቹ መካከል በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ትናንሽ ዓሣና ሸርጣን ይታያል። ጦጣ በየቦታው አለ። መስኮት ከፍታችሁ ከወጣችሁ ፍራፍሬያችሁን ይዞ ይሄዳል፤ ልጅ በእጁ ብስኩት ይዞ እንዳይጠጋው።

በዚህ ወቅት የማላገኘው ነገር አለ?

የባሕር ኤሊ እንቁላል ስትጥል ማየት ከኖቬምበር ጀምሮ የሚሆን ነው፤ በጁላይ አይታሰብም። ፏፏቴዎችም ውኃቸው ይቀንሳል። ቀኑ አጭር ነው፦ ከምሽቱ 11 ሰዓት አልፎ ወዲያው ፀሐይ ትገባለች፤ ስለዚህ ሥራችሁን ጠዋት ጀምሩ። ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር ጥላሸቱ ነው። ወቅቱ የአገዳ አጨዳ ስለሆነ ማሳው ከመታጨዱ በፊት ይቃጠላል፤ ቀጫጭን ጥቁር ብናኝ በነፋስ መጥቶ በረንዳና የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። ነጭ ልብስ ውጭ አታሳድሩ።

ቪዛ፣ ክትባት፣ መኪና፣ ደኅንነት?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ገንዘቡ ራንድ ነው። መኪና ከተከራያችሁ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ቀን ላይ ረጅም መንገድ አትጀምሩ።

ስለ ደኅንነት ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ደርባን መሐል ከተማ ከመሸ በኋላ በእግር የሚዞሩበት ቦታ አይደለም። ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ላይ መቆም፣ መኪና ውስጥ ቦርሳ በግልጽ መተው ሌባን መጥራት ነው። ቀን ቀን ግን ሰው በሚበዛበት ዳርቻ ላይ ቤተሰብ በሰላም ይዝናናል። ማታ ታክሲ በስልክ ጥሩ።

ስንት ቀን ይበቃል? መቼ ልያዝ?

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደርባንና ኡምህላንጋ፣ ሁለት ሌሊት ሴንት ሉሲያ፣ ሰርዲኑን የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ሌሊት ደግሞ በደቡቡ ዳርቻ። በየቀኑ ቦታ አትቀያይሩ፤ ባሕሩ የሚሰጠው በጠበቁት መጠን ነው፣ ዛሬ ባዶ የነበረ ውኃ ነገ ጠዋት ዶልፊን ይሞላዋል። ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ማረፊያ ይወደዳል። በጁላይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከ1897 ጀምሮ የሚካሄደው የደርባን ጁላይ የፈረስ ውድድር ስላለ በዚያ ሳምንት መጨረሻ ከተማ ውስጥ ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ሰርዲኑን መሥዋዕት ለማድረግ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ኦገስት ይሻላል፦ ዓሣ ነባሪዎቹ አሁንም አሉ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቱም ስላለፈ ዳርቻው ሰፋ ይላል።